ባለ ቅርጫቲቱ መኪናና ሁለቱ ባትሪዎቿ

በምንሠራበት የከተማ ጽሕፈት ቤት «የንብረት መረከቢያ ቅጽ» የሚባል ወረቀት አለ። ወረቀቱ በአራት ዐምድ የተከፈለ ሲሆን በመጀመሪያው ተራ ቍጥር፥ በሁለተኛው የዕቃው ስም፥ በሦስተኛው «አለ» ወይም «የለም» የሚለው ቃል፥ በአራተኛው የተረካቢው ፊርማ ይገባበታል። እኛም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በመንግሥት ሥራ ከገባንበት ቀን ጀምሮ በዚህ ቅጽ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ፈረምን ቈጥረነው አናውቅም። ወንበርና ጠረጴዛ ተረክበናል፤ የብረት ሣጥን ተረክበናል፤ አንድ ጊዜም ዝናም እየወረደብን ሦስት መቶ ቆርቆሮ ቈጥረን ተረክበናል። ከእነዚህ ሁሉ ፊርማዎች መካከል እንቅልፍ የነሣን አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በ2013 ዓ.ም. አንዲት መኪና በተረከብን ጊዜ በዐሥራ ሰባተኛው ተራ ቍጥር ፊት ለፊት ያኖርነው ነው።

መኪናይቱ የመብራት ሠራተኛን በቅርጫት አሳፍራ እስከ ምሰሶ ጫፍ ድረስ የምታወጣ ናት። በጃፓን አገር ተሠርታ፥ በሌላ አገር ብዙ ዘመን አገልግላ፥ ቀለሟ ታድሶ ወደ እኛ መጣች። ከተማችን ከዚያ በፊት የመንገድ አምፖል የምትለውጠው በመሰላል ነበረ፤ ለአንድ አምፖል መሰላል የሚይዙ ሁለት ሰዎች፥ የሚወጣ አንድ ሰው፥ ከታች ሆነው የሚመክሩ ደግሞ ሃያ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ መኪናይቱ የገባች ዕለት የተሰማን ደስታ ቀላል አልነበረም። አሜሪካኖች ይህን የመሰለውን መኪና «ቼሪ ለቃሚ» ይሉታል፤ ቼሪ የሚባለውን ፍሬ ከዛፍ ላይ ለመልቀም ያገለግል ስለ ነበረ ነው። እኛ ግን ሌላ ስም ሳናወጣላት «ባለ ቅርጫቲቱ» እንዳልናት ቀረች።

አሠራሯን በአጭሩ እንግለጽ። ሞተሩ ሲሠራ አንድ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑም ዘይት እየገፋ ክንዶቿን ያነሣል፥ ያወርዳልም። ሞተሩ በጠፋ ጊዜ የዘይቱን መንገድ የሚዘጉ ቫልቮች ስላሏት ክንዱ ባለበት ጸንቶ ይቆማል እንጂ አይወድቅም። ይህ ለሰው ሕይወት ታስቦ የተደረገ መልካም ብልሃት ነው፤ ዳሩ ግን እንዳይወድቅ የተደረገው ክንድ በዚያው ልክ መውረድም ይሳነዋል። በዚህ ምክንያት ሠሪዎቿ ከባትሪ ኀይል እየወሰደ የሚሠራ ሌላ ትንሽ ፓምፕ ጨምረውላታል፤ ሞተሩ እንቢ ቢል በቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ቀይ መጫኛ ተጭኖ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዐሥራ ሰባተኛው ተራ ቍጥር ይህ ነበረ፤ «የአደጋ ጊዜ ማውረጃ ፓምፕ»። ጐንበስ ብለን ብናይ ፓምፑ በቦታው ተቀምጧል፤ ቀዩም መጫኛ በቦታው አለ። «አለ» ብለን ጻፍን፤ ፈረምንም።

በ2014 ዓ.ም. የቡሄ ዋዜማ፥ ነሐሴ 12 ቀን፥ በአደባባዩ ዙሪያ የጠፉት መብራቶች ለበዓሉ እንዲበሩ ተብሎ ባለ ቅርጫቲቱ ወጣች። ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛ የደኅንነት ቀበቶውን ከቅርጫቱ ጋራ አሥሮ ወደ ዐሥራ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ወጣ። ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ። ማጥፋቱ ስንፍና አልነበረም፤ መኪና ቆሞ ሲሠራ ነዳጅ ለመቈጠብ ሞተር እንዲጠፋ የሚያዝዝ የውስጥ ማስታወሻ ለሁሉም ደርሶት ነበር። ማስታወሻውን ያረቀቅነው እኛው ነን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ግን በጣራዋ ላይ የሚዞረው ቢጫ መብራትና የሥራ መብራቶቿ እንደ በሩ ቈዩ። ወጣቱ ሥራውን ጨርሶ «አውርደኝ» ባለ ጊዜ ሾፌሩ ቍልፉን አዞረ፤ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ደገመ፤ «ቀጭ»። ወጣቱ ቀዩን መጫኛ ተጫነ፤ እርሱም ዝም አለ።

እኛ ተጠርተን ስንደርስ መሽቶ፥ ካፊያውም ወደ ዝናም ተለውጦ ነበር። የቀድሞው መሰላል ተፈልጎ መጣ፤ ቢቆም ግን ከቅርጫቱ ብዙ አነሠ። የጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ ቀርቦ ባትሪው በገመድ ቢያያዝ ብልጭታ ወጣ፥ ገመዱም ጋለ፥ ሾፌሩም ነቅሎ ጣለው። ፒክአፑ ባለ 12 ቮልት፥ ባለ ቅርጫቲቱ ደግሞ ሁለት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት የሚሰጧት መኪና መሆኗን በዚያች ሰዓት ያስታወሰ አልነበረም። እኛማ ከዚያ በፊትም አናውቀውም።

በዚህ መካከል የወጣቱ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ማንንም አልተቈጡም። «ልጄ ከቀትር ጀምሮ እህል አልቀመሰም» ብቻ አሉ። ወጣቱ መሣሪያ የሚጐትትበትን ገመድ ቍልቍል ለቀቀላቸው፤ እርሳቸውም ሁለት ሙልሙል ዳቦ በፌስታል ጠቅልለው አሠሩለት፥ ጐተተውም። ችቦ ለማብራት የወጡት ልጆች ይህን ባዩ ጊዜ ተሰብስበው በትራቸውን እየመቱ ሆያ ሆዬ ይጨፍሩለት ጀመር። እርሱም ከላይ ሆኖ ከሙልሙሉ ቈርሶ ወረወረላቸው። ሕዝቡ ሣቀ፤ ወጣቱም ሣቀ፤ እኛም ሣቅን፤ የኛ ሣቅ ግን ከጕሮሮ አላለፈም።

ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ አሸዋ የጫነ አንድ ከባድ መኪና በዚያ ሲያልፍ ሾፌሩ ሳይለመን ቆመ። ባለ 24 ቮልት ነበረ። ወፍራም ገመድ አውጥቶ ከባለ ቅርጫቲቱ ጋራ ባገናኘው ጊዜ ሞተሩ ተነሣ። ወጣቱ በሁለት ሰዓት ከሩብ መሬት ረገጠ። እጁ ከብርድ የተነሣ ቀበቶውን መፍታት ስላቃተው የፈቱለት እናቱ ናቸው።

በዓሉ ባለፈ በማግሥቱ ወጣቱ በሥራው ሰዓት ተገኘ፤ ወደ ቅርጫቱ ግባ ቢሉት ግን «ሽቦውን በዓይኔ ሳላይ አልወጣም» አለ። አለቃችንም የሥራ ትእዛዝ ባለመፈጸሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፥ ደብዳቤውንም እኛ እንድናረቅ አዘዙ። ቍጥሩን ጻፍን፤ ቀኑን ጻፍን፤ ጕዳዩን ጻፍን። «ምንም እንኳ መሥሪያ ቤቱ የተሟላ መሣሪያ ያቀረበልዎ ቢሆንም» ከሚለው ላይ ስንደርስ ብዕራችን ቆመ። መሣሪያው የተሟላ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው? ማኅደሩን አውጥተን ብንገልጥ ማስረጃው የገዛ ፊርማችን ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤውን በመሳቢያ አኑረን ባለ ቅርጫቲቱ ተጐትታ ወደ ገባችበት ጋራዥ ሄድን።

በጋራዡ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ወደ አርባ ዓመት የቈዩ፥ ከትንሽ እስከ ትልቅ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ አሉ። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ «መኪናይቱን የተረከብናት እኛ ነን» አልናቸው። ቀና ሳይሉ «ስንት ሆናችሁ ነው የተረከባችኋት፥ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁን። ከመሥሪያ ቤት ልማድ የተነሣ «እኛ» ማለት ለምደን እንጂ የፈረመው እጅ አንድ ነበረ። «አንድ» ብለን መለስን። «በል እንግዲያው ይህን መብራት ያዝልኝ» አሉን።

የባትሪውን ሣጥን ከመክፈታቸው በፊት ሰዓታቸውንና የጣት ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያም አስቀድመው የፈቱት ማሳውን፥ ይኸውም የባትሪውን ኔጌቲቭ ጫፍ ከመኪናው ብረት ጋራ የሚያገናኘውን ወፍራም ገመድ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማሳው ሳይፈታ ሌላው ጫፍ ሲፈታ መፍቻው ድንገት የመኪናውን ብረት ቢነካ የባትሪው ኀይል ሁሉ በመፍቻው በኩል ይፈስሳል፤ ብረቱ ይግላል፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅንም በብልጭታው ሊፈነዳ ይችላል። ሲገጠም ደግሞ ማሳው የመጨረሻው ነው። ቀለበት የሚወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት ያየነው የሽቦ ብዛት የወፍ ጎጆ ይመስል ነበር። ከሁለቱ ባትሪዎች ጫፍ ላይ ዐሥራ አንድ ሽቦዎች ወጥተዋል፤ ከእነርሱ መካከል ሥራ ያላቸው አምስቱ ብቻ ነበሩ። አንዱ የዛሬ ስንት ዓመት ወደ ተነቀለ ራዲዮ ይሄዳል፤ ሌላው በመቀመጫው ሥር ገብቶ እዚያው ያልቃል። ጋሼ እያንዳንዱን እየተከተሉ በያዝነው ወረቀት ጀርባ ያስጻፉን ጀመር። ወረቀቱን ስንገለብጠው ያ ስለ ነዳጅ ቍጠባ የተጻፈው ማስታወሻ ነበረ።

ከሣጥኑ ኋላ እጃቸውን ሰደው አንድ ወፍራም ቀይ ገመድ አወጡ። ጫፉ በመቍረጫ ተቈርጦ፥ በጥቍር ናስትሮ ተጠቅልሎ፥ እንዳይታይ ተደርጎ ተሸጕጦ ነበር። በሌላው ጫፉ የአደጋ ጊዜው ፓምፕ አለ። ጋሼ ገመዱን ላጥ አድርገው በሌላ ባትሪ ቢነኩት ፓምፑ ወዲያው ጮኸ፤ ራሱ ምንም እክል አልነበረበትም። ማን እንደ ቈረጠው የሚነግረን የለም። እኛ ግን ያን ጊዜ ቅጹን አሰብን። ቅጹ «አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ይሠራል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አዎን፥ ፓምፑ ነበረ። አልዋሸንም። እንደዚያ ቀን ግን አለመዋሸት አንሶብን አያውቅም።

ይህ እንግዲህ በሌላ እጅ የተሠራ ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከኛው ቤት የወጣ ነው። በሐምሌ ወር የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች ከ1 እስከ 30 ቀን ድረስ ግብራቸውን እንዲከፍሉ የሚያስታውቅ ድምፅ ማጉያ በባለ ቅርጫቲቱ ጣራ ላይ ተገጥሞ ነበር። ማጉያው ባለ 12 ቮልት ስለ ሆነ የገጠመው ሰው ሁለቱን ባትሪዎች ትቶ ከአንደኛው ብቻ ኀይል ሰጠው። ነገሩ ቀላልና ርካሽ ነበር፤ የወጪውንም ሰነድ ያዘጋጀነው እኛው ነን። መኪናይቱ በገበያ መካከል ሞተሯን አጥፍታ ወር ሙሉ ስትለፍፍ አንደኛው ባትሪ እየተጠጣ፥ ሁለተኛው እየተቀመጠ ኖሩ።

ይህ ለምን እንደሚጐዳ ጋሼ ደጋግመው አስረዱን። ባትሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ከሠራው ወዲህ በመሠረቱ ያው ነው፤ የእርሳስ ሳህኖች በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲቀጣጠሉ 12 ይሆናል። ባትሪው ሲሠራ ሳህኖቹ ወደ ነጭ ጨው ይለወጣሉ፤ ሲሞላ ጨው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሳይሞላ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ግን ጨው ይጠጥራል፥ መመለስም ይሳነዋል። ዲናሞው ደግሞ ሁለቱን ባትሪዎች እንደ አንድ አድርጎ 28 ቮልት ይልክላቸዋል እንጂ ማን እንደ ራበውና ማን እንደ ጠገበ አይለይም። የጠገበው ከድርሻው በላይ ቮልት እየወሰደ ይፈላል፥ ውሃው ይተንናል፤ የራበው ሳይሞላ ያድራል። በመለኪያ ስናየውም አንዱ 12.5፥ ሌላው 11.3 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ በአንድነት 23.8 ስለሚያሳዩ ከላይ ላያቸው ሰው ደኅና ይመስላሉ።

ሦስተኛውም ነገር ማሳው ነበር። ገመዱ በተጠለፈበት ቡሎን ሥር ዝገትና አዲሱ ቀለም ገብተዋል። ሞተሪኖው 300 አምፔር ያህል ሲስብ በዚያች ስፍራ ብቻ 2.4 ቮልት ይጠፋ ነበር፤ ይህ የኦም ስምንት ሺኛ እጅ ብቻ መሆኑ ነው። በተረከብን ጊዜ ደስ ያሰኘን ያ አዲስ ቀለም!

ጥገናው ከመጀመሩ በፊት የወረቀት ጦርነት መጣ። ሁለት አዳዲስ ባትሪዎች እንዲገዙ ብንጠይቅ የግዥ ክፍሉ ባልደረባችን «አንዱ ደኅና ስለ ሆነ አንድ ብቻ ይገዛ» ብሎ መለሰልን። የሕዝብ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ነውና አልፈረድንበትም፤ ይልቁንም ይዘነው ወደ ጋራዡ ሄድን። ጋሼ የባትሪውን አሲድ በመስተዋት መሳቢያ ስበው አሳዩት፤ በአንደኛው ተንሳፋፊው 1.25 ላይ፥ በሌላው 1.12 ላይ ቆመ። «አባትህ ገበሬ ናቸው?» አሉት። «ናቸው» አለ። «ብርቱ በሬና የታመመ በሬ አብረው ይጠምዳሉ?» ባልደረባችን ጥቂት ዝም ብሎ «ብርቱው ይሞታል» አለ። በዚያው ቀን ሁለት ባትሪዎች፥ ዐይነታቸውም የተሠሩበትም ወር አንድ የሆነ፥ እንዲገዙ ተፈቀደ።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ወጣቱ ሠራተኛ በየቀኑ እየመጣ ከጋሼ አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ መጀመሪያ ይመለከት፥ ኋላም መፍቻ ያቀብል፥ በሦስተኛው ቀን ራሱ ያሥር ጀመር። የድሮው ሽቦ ሁሉ ተነቀለ። ባለ 70 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ተዘረጋ፤ ለማሳው የቻሲው ብረት እስኪያበራ ተፋቀ፤ ከታሠረ በኋላም ቅባት ተቀባ። እያንዳንዱ መስመር የየራሱ ቫልቮላ ተደረገለት፤ ቫልቮላውም የሚቀመጠው ባትሪው አጠገብ ነው፤ ከባትሪው እስከ ቫልቮላው ያለው ሽቦ ጠባቂ ስለሌለው ባጠረ ቍጥር ይሻላል። ድምፅ ማጉያው ከሁለቱም ባትሪዎች በእኩል የሚወስድ፥ 24 ቮልቱን ወደ 12 የሚቀንስ ዕቃ ገባለት። የአደጋ ጊዜው ፓምፕ ከዋናው ማጥፊያ በፊት፥ በቀጥታ ከባትሪው ተያያዘ። በዚህ ላይ ጋሼና ወጣቱ ተከራክረው ነበር። ጋሼ ሁሉም ነገር በማጥፊያው እንዲያልፍ ይወዳሉ፤ ወጣቱ ግን «ጋሼ፥ እኔ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ማጥፊያውን ቢዘጋውስ?» አላቸው። ጋሼ ገመዱን ፈትተው እርሱ እንዳለው አሠሩት።

እኛም በእነዚያ ቀናት ሌላ ደብዳቤ ጻፍን። ዐሥራ ሰባተኛው ተራ ቍጥር ሳይፈተን «አለ» መባሉን፥ የድምፅ ማጉያውና የነዳጅ ማስታወሻው ነገርም ከማን እንደ ተነሣ ዘርዝረን ለአለቃችን አቀረብን። አንብበው ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻ ማስጠንቀቂያው ወጣ፤ በወጣቱ ስም ሳይሆን በኛ ስም ነበረ። በግል ማኅደራችን ውስጥ ዛሬም ይገኛል፤ ጽሑፉ ግን እኛ ለወጣቱ ከጀመርነው ይልቅ በጣም የጨዋ ነው።

የሙከራው ዕለት ጰጕሜን 1 ቀን ነበረ። መኪናይቱ በጽሕፈት ቤታችን ግቢ ቆመች። ወጣቱ ቀበቶውን አሥሮ ቅርጫቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ እኛ ዞሮ «ይግቡ» አለን። በከፍታ ላይ ራሳችንን እንደሚያዞረን ልንነግረው አስበን ነበር፤ ሁለተኛውን ቀበቶ ዘርግቶ ሲጠብቀን ግን መናገሩ አሳፈረን። አሠረልን፤ ሁለት ጊዜም ስቦ ሞከረው። ወጣን። ዐሥራ አንድ ሜትር ከመሬት ሲያዩት ትንሽ ነው።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። የንፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ወጣቱ ከቀዩ መጫኛ ገለል ብሎ «እርስዎ ይጫኑት» አለን። ጣታችንን አኖርን፥ ተጫንን። ከታች አንድ ቀጭን የሞተር ጩኸት ተሰማ፤ ቅርጫቱም ነቅነቅ ብሎ መውረድ ጀመረ። ፓምፑ እንዳይግል ጥቂት ሠርቶ ጥቂት እንዲያርፍ ጋሼ አስጠንቅቀውን ስለ ነበረ እስከ ሠላሳ ቈጥረን ለቀቅነው፤ በመካከል ተንጠልጥለን ቆምን። ከፊታችን የጽሕፈት ቤታችን ጣራ ተዘርግቶ ይታያል። ዝናም ሲወርድብን የቈጠርነው ያ ቆርቆሮ ነው። በስተ ግራ በኩል ሁለት ረድፍ ያህል ዝጎ፥ ምስማሩም ተነቅሎ አየን፤ በክረምቱ በማኅደር ክፍሉ ጥግ ባልዲ የምናኖርበት ቦታ ልክ ከሥሩ ነው።

ወጣቱም ያንኑ ያይ ነበር። «እሱንም ይጻፉት» አለን፤ ከዚያም «አሁን አርፏል፥ ይጫኑ» አለ።